ወንዙን ማን ጠለፈው

ከአባትህ በፊት አያት አልነበረህም ብሎ ፊት ለፊት የሚነግርህ ሰው ቢመጣ፣ አንተ ይህን የምታነብ፣ ምን ትለዋለህ? ትስቅበታለህ? ታባርረዋለህ? ወይስ ሰውየው ፈረስ ላይ ከተቀመጠና ከኋላው ጦር የያዙ ሰዎች ከቆሙ፣ አንገትህን ደፍተህ «ልክ ነዎት ጌታዬ» ትላለህ? ለመመለስ አትቸኩል። መጀመሪያ ከመንገዱ ዘወር በል፤ ድንጋዩ እየመጣ ነው።

ድንጋዩ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከወፍራም ግንዶች በተሠራ መንሸራተቻ ላይ ተጠፍሮ ይመጣል። ቆሞ በነበረበት ዘመን ከከተማው ጣሪያ ሁሉ በላይ የሚታይ ሐውልት ነበር። አሁን ከፊቱ ሁለት ረጅም ገመዶች ተዘርግተው፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉ ጎታቾች ትከሻቸው ላይ አውለው ይስቡታል። ከጎኑ ገመድ ሠሪዋ እርጥብ ማቅ ይዛ ትሄዳለች። ገመድ በኃይል ሲሳብ ቋጠሮው ይግላል፤ ሲግል ቃጫው ውስጥ ለውስጥ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ በየእረፍቱ ታረጥበዋለች፣ በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ ታሸተዋለች። ባሏ የሞተባት፣ መዳፏ ከጎታቾቹ መዳፍ የሻከረ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ገመዱን የሠራችው እሷ ናት። የጎታቾቹን ዘፈን የሚመራው አውራጅ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከመንሸራተቻው ኋላ ሽብልቅ ይዞ የሚከተለው ደግሞ አንድ ልጇ።

ሐውልቱ ግድቡ አጠገብ ካለው ከቀድሞዎቹ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ተነቅሎ፣ ኮረብታው ላይ በአዲሱ ቤተ መንግሥት በር ፊት ሊተከል ነው። ፊቱ ላይ ተቀርጸው የነበሩት ሰዎች ባለፈው በጋ በመሮ ተፍቀዋል። አዲሶቹ (ሰዉ ከማዶ በፈረስ የመጡትን ገዢዎች የሚጠራቸው እንዲህ ነው) ከተማዋን ሲይዙ ግንቡ ነበረ፤ ቦዩ ነበረ፤ ፈረሶቻቸውን ያሰሩበት የድንጋይ በረት እንኳ ጣሪያው ሳይጎድል ነበረ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአደባባይ የሚነበበው ቃል ሌላ ሆኗል። «እኛ ከመምጣታችን በፊት ይህ ምድር ጫካና አውሬ ነበር» ይላል። ጫካ ውስጥ የተነጠፈ መንገድ ማን አየ? የትኛው አውሬ ነው ቦይ የሚቆፍረው? ይህን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የሚጠይቀው የጎታቾቹ ዘፈን ብቻ ነበር።

ዘፈኑ ጥያቄና መልስ ነው። አውራጁ «ወንዙን ማን ጠለፈው?» ብሎ ጥያቄውን ያስረዝማል፤ ጎታቹ ትንፋሽ የሚስበው ያኔ ነው። «ባለ ግድቧ!» ብሎ ሁሉም ሲመልስ ክንድ ሁሉ አብሮ ይወጠራል፣ ድንጋዩ ይነቃነቃል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል፤ በዝምታው ውስጥ ባለ ሽብልቁ ሮጦ ሽብልቁን ከመንሸራተቻው ኋላ ይሰካል፣ ድንጋዩ እንዳይመለስ።

መልሶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። «መንገዱን ማን አነጠፈው?» ሲባል መልሱ «አንካሳው!» ነው። እግሩን የሚያመው ንጉሥ ነበር ይባላል፤ ኮረኮንች ቢሰለቸው ነው ይህን ሁሉ ድንጋይ ያስነጠፈው። በእሱ ስም ሲመለስ ገመዱ በእርጋታ፣ ልክ እንደ አንካሳ ርምጃ፣ ሳብ ይደረጋል፤ ለመታጠፊያ ነው። «ብረቱን ማን አቀለጠው?» ሲባል «ባለ ወናፉ!» ነው፤ ይህ ለሜዳ ነው፣ ወጥ በሆነ ጉልበት። ግድቡን ያሠራችው ንግሥት፣ «ባለ ግድቧ» ግን ለዳገት ናት። በእሷ ስም ጉልበት አይቆጠብም። አውራጁ «በርቱ» ወይም «ቀስ በሉ» ብሎ አያውቅም። ስም ይጠራል፤ እጃቸው ያውቀዋል። አባቶቻቸውም የሳቡት እንዲሁ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ገመዱ ገና ሳይነሳ፣ አዛዡ በፈረሱ መጣ። ከጎኑ የዘመን ጸሐፊው በእግሩ ይከተላል። ጸሐፊው የገመድ ሠሪዋ የሟች እህቷ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ገመድ ቤቱ ውስጥ ነበር የሚውለው፤ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ከአዛዡ ጋር ብቻ ሆነ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ አዛዡ «የሌሉ ሰዎች ስም በዚህ መንገድ ላይ አይጠራም። የሚጠራ እንደ ከሃዲ ይቆጠራል። አዲሱን ዘፈን ጸሐፊው ያስጠናችኋል።»

አውራጁ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። «ጌታዬ፣ እኛ ዘፋኞች አይደለንም። ይሄ የሥራችን ነው።»

«አጎቴ፣ ስሙኝ» አለ ጸሐፊው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጥያቄውን እንደ ነበረ ትቼዋለሁ። ትንፋሹም ያው ነው፤ ለክቼዋለሁ። የተቀየረው መልሱ ብቻ ነው። ጨለማውን ማን ገፈፈው ይላሉ እርስዎ። ጌታችን ነው ይላሉ እነሱ፤ የኮረብታውን ጌታ ማለት ነው። ምድሪቱን ማን አቀናት ይላሉ። ጌታችን ነው።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«መልሱ አንድ ከሆነማ ምን ያስጠይቃል?» አለ ባለ ሽብልቁ ከኋላ። ቀኝ ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አዛዡ ያልሰማ መሰለ። ጸሐፊው ግን ሰምቶ ጆሮው ቀላ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያፍር ጆሮው ነው የሚቀላው።

ገመድ ሠሪዋ ወደ ልጇ ጠጋ ብላ «አንተ፣ አፍህን ሰብስብ» አለችው።

«ምን አልኩ እማዬ? አማታችንን ለማሳቅ ነው እኮ።» ጎታቾቹ ድንጋዩን «አማታችን» ነበር የሚሉት፤ ስም ያወጣው እሱ ነው። መዳፉን ሐውልቱ ጎን ላይ አሳረፈ። «ትናንት እንዲህ አልኮሩም ነበር። ዛሬ ምን ሆነዋል?»

«ሚስት ሳታገባ አማት ታበዛለህ።»

«ይሻላል። እኚህ አፍ የላቸውም።»

ሜዳው ላይ አዲሱ ዘፈን ሠራ። እውነቱን እንናገር፤ ጸሐፊው ዘፈን መሥራት ያውቅበታል። «ጨለማውን ማን ገፈፈው?» ሲል አውራጁ ትንፋሹ ልክ ነበር፤ «ጌታችን ነው!» ሲሉም ክንዱ ልክ ነበር። ድንጋዩ ቦዩን ተሻገረ፤ የቆዳ ፋቂዎችን ሠፈር አለፈ። ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያይ ነበር። ገመድ ሠሪዋ ቋጠሮዎቿን እየዳሰሰች «ምናልባት ሰውም ይለምደዋል» ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ ግን እንደ መራራ ነገር አፏ ውስጥ ቀረ።

ዳገቱ ሥር መንገዱ ይታጠፋል። በግራ በኩል የቀድሞዎቹ የሠሩት የድንጋይ ካብ መንገዱን ደግፎ ይወጣል። አዛዡ ፈረሱን ፊት ለፊት፣ ግራ ረድፍ አጠገብ አቆመ። ግራ ረድፍ የወጣቶቹ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ «አንካሳው» ነበር የሚያስፈልገው። አውራጁ በአፉ የቀረው ግን አንድ መልስ ብቻ ነበር። ጥያቄውን ለማለዘብ ሞከረ፤ ድምፁን አወረደ፣ እጁን ወደ ታች አወዛወዘ። ማን ያየዋል? ጎታች የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው። «ጌታችን ነው!» አሉ በሙሉ ጉልበት፤ መንሸራተቻው መታጠፊያው ላይ ጠምዘዝ ብሎ ወጣ። ሽብልቁ ሳይገባ ደግሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

«አጎቴ፣ አማታችን ወደ ኋላ እያዩ ነው!» አለ ባለ ሽብልቁ ከኋላ። አሁንም እየቀለደ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

አውራጁ ዞሮ አየ። ድንጋዩን አየ፤ የእህቱን ልጅ አየ። ከዚያ አፉን ከፈተና «ወንዙን ማን ጠለፈው?» አለ።

ቀኝ ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች ምንም አላሰቡም። «ባለ ግድቧ!» ብለው ተወጠሩ። ግራ ረድፍ ያሉት ወጣቶች ግን የፈረሱን ደረት እያዩ ነበር። አፋቸውን ዘጉ። ጎታች ደግሞ ያለ ድምፅ መሳብ አያውቅም፤ አፉ ሲዘጋ ክንዱም ይዘጋል። የቀኙ ገመድ እንደ ብረት ሲገተር የግራው መሬት ላይ ተኛ። የድንጋዩ ፊት ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጭራው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ካቡ። ባለ ሽብልቁ በካቡና በድንጋዩ መካከል ነበር።

ምንም ድምፅ አላሰማም። እናቱ በኋላ ሁልጊዜ የምታስበው ይህን ነው። ያን ሁሉ ቀልድ የሚያወራ ልጅ።

ልጇን ገመድ ቤቱ ውስጥ አጋደሙት። ገመድ ቤት ማለት ወርዱ ጠባብ፣ ርዝመቱ የማያልቅ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የቃጫ ነዶ የሚሰቀልባቸው ኩላቦች ተደርድረዋል፣ ዳር ላይ ቃጫው ተጠምዝዞ ገመድ የሚሆንበት መግመጃ አለ። መግመጃው ላይ ያላለቀ ገመድ እንደ ተወጠረ ነበር። ጎረቤት ሴቶች ሊፈቱት ሲሉ «ተዉት» አለች። ወንድሟን ዘበኞች ከመንገዱ ላይ ይዘውት ሄደዋል።

ፀሐይ ወደ ግድቡ ስታዘነብል ጸሐፊው መጣ። በሩ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ጉበን ሳያይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ የልጅነት ልማድ ነው። ሬሳው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለቱ ልጆች በዚህ ክፍል ውስጥ ከቃጫ ነዶ ሥር አንድ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው።

«አክስቴ።»

«ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «ነገ ጠዋት መታጠፊያው ሥር ጉባኤ ይደረጋል። አዛዡ ይፈርዳል። ባለ ደሟ አንቺ ነሽ፤ ይጠይቁሻል።»

«ምን ብለው?»

«የልጅሽ ገዳይ ማነው ብለው።»

ሴትዮዋ የልጇን እጅጌ አስተካከለች። «እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይጠየቃል?»

«አጎቴ የተከለከለ ስም ጠራ። ስሙን ሲጠራ ሰልፉ ተረበሸ። ሰልፉ ሲረበሽ…» ዓይኑ ሬሳው ላይ ዋለ። «ወንድሜ ነው ብለሽ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሪ። እኔ ሽማግሌ ነው፣ አፉ ስቶት ነው ብዬ እለምንለታለሁ። ምናልባት ከከተማ ቢያስወጡት ነው።»

«ባልናገርስ?»

ጸሐፊው መግመጃው ላይ የተወጠረውን ገመድ አየ። «አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ገመዱ የበሰበሰ ነበር ይላሉ። ገመዱ ደግሞ የማን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ።»

«ገመዱ አልተበጠሰም።»

«አውቃለሁ።»

«ገመዱ አሁንም ድንጋዩ ላይ ታስሮ አለ። ሄደው ይዩት።»

«አክስቴ፣ ማንም ሄዶ አያይም። የሚያዩት የተነበበውን ነው።» ይህን ሲል ኩራት አልነበረበትም፤ ሐዘን ነበረበት፤ እኔ ግን ለዚህ ሐዘን ምሕረት የለኝም። በእንዲህ ያለ ሐዘን ያዘነ ሁሉ ማምሻውን ብዕሩን ቀልሞ ያንኑ ውሸት ይጽፋል፤ ስለ ማዘኑ ብቻ ራሱን ከሌሎቹ የተሻለ አድርጎ ያያል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ዘፈን ስትሠራ፣ አንካሳው ለመታጠፊያ እንደ ሆነ ረስተኸው ነው?»

ጆሮው ቀላ። «አልረሳሁም።»

«ለአዛዡ ነገርከው?»

«ልነግረው አስቤ ነበር። ግን ያን ከነገርኩት ስሞቹ ሥራ እንዳላቸው ነው የምነግረው። ሥራ ካላቸው ደግሞ ነበሩ ማለት ነው።» ወደ ሬሳው ሳያይ ቀጠለ። «አክስቴ፣ አለመኖራቸውን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። ጫካና አውሬ ነበር የሚለው የኔ ቃል ነው። ደግሞ ማን ያነበዋል? የሚያነቡት ገና አልተወለዱም።»

«ታዲያ ለእነሱ ነዋ የምትዋሸው» አለችው። «ለኛማ ምን ትዋሻለህ፣ እኛ እናውቃለን።»

እሱ ወጣ። ሲወጣ ጎንበስ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን ጉበኑ ገጨው።

በነጋታው፣ ጉባኤው ሳይሰበሰብ፣ ለወንድሟ ውሃ እንድታደርስ ተፈቀደላት። የታሰረው እህል በሚጠራቀምበት የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ጎተራ፣ ግድግዳው እንኳን አይጥ ነቀዝ የማያስገባ። በሌለ ሕዝብ ጎተራ ውስጥ ሰው አስረው ሕዝቡ አልነበረም ይሉሃል። ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ያ ዳገት የሚያናውጥ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

«እቴ፣ እኔ ነኝ በያቸው።»

«ጋሼ፣ ዝም በል። ውሃ ጠጣ።»

«እውነቴን ነው። አፌ ነው የገደለው። ዝም ብል ኖሮ፣ አዲሱን ብጠራ ኖሮ…»

«አዲሱን ብትጠራ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣ ነበር። ያው ሥሩ ነበር ልጄ።»

«አላውቅም። አንቺም አታውቂም።» ጽዋውን ሳይጠጣ መለሰላት። «አምኜ ነው የጠራሁት፣ ይስባሉ ብዬ። ግማሹ ሳበ። ሁሉም ዝም ቢሉ ወይም ሁሉም ቢስቡ ይተርፍ ነበር። ግማሽ ነው የገደለው።»

«ዝም ያሉት እነማን ናቸው?»

«ልጆች ናቸው እቴ። ፈርተው ነው። እነሱን እንዳትነኪ።»

«አልነካም።»

«እኔን በያቸው። እኔ አርጅቻለሁ። አንቺ ከሌለሽ ግን የገመዱን ሥራ ማን ያስተምራል?» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያ ልጅ ቢሰማን ምን ይል ነበር? ሁለት ሽማግሌዎች ማን ይሙት ብለው ይከራከራሉ ብሎ ይስቅብን ነበር።»

እሷ ጽዋውን እንደገና ሰጠችውና እስኪጠጣ ድረስ አልሄደችም።

ጉባኤው የተሰበሰበው መታጠፊያው ሥር ነበር፤ ድንጋዩ መንገዱን ዘግቶት ወደ ኮረብታው የሚያልፍ አልነበረምና። ሐውልቱ ጠማማ እንደ ሆነ እዚያው ተኝቷል። ካቡ ላይ የነበረውን ደም አጥበውታል፤ ድንጋዩ ግን ገና እርጥብ ነበር። ጎታቾቹ በረድፋቸው ቆመዋል፤ ሽማግሌዎቹ በቀኝ፣ ወጣቶቹ በግራ፤ ማንም እንዲህ ቁሙ ያላቸው የለም፣ እግራቸው ነው የወሰዳቸው። አውራጁ እጁን ታስሮ በዘበኞች መካከል አለ። አዛዡ ምንጣፍ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

አጋፋሪው ዝም አሰኘ። ጸሐፊው ብራናውን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ግንባሩ ላይ ጉበኑ የገጨው ቦታ አብጧል። ከመጀመሪያው ነው የጀመረው፤ ፍርድ ሁሉ በዚያ ቃል እንዲጀምር ታዟልና። ይህ ምድር ባዶ እንደ ነበር አነበበ። ጫካና አውሬ እንደ ነበር አነበበ። ጌታችን እንደ መጣና ውሃና መንገድ እንደ ሰጠ አነበበ። ከዚያም አንድ ሽማግሌ የሌሉ ሰዎችን ስም ጠርቶ የጌታችንን ሥራ እንዳሰናከለና አንድ ወጣት እንዳስገደለ አነበበ። ቃሉ ጥሩ ነበር። ድምፁም ጥሩ ነበር።

«ባለ ደሟ ትቅረብ» አለ አጋፋሪው።

ቀረበች። ልብሷ ላይ የቃጫ ስባሪ ነበር።

«አይዞሽ፣ ተናገሪ» አላት አዛዡ፤ ደግ መሆን እንደሚችል የሚያሳይበት ጊዜ ነበር። «ልጅሽን የገደለው ማነው?»

«ጌታዬ፣ እንደ ሆነው ልናገር?»

«እንደ ሆነው ተናገሪ።»

«ገመዱ የኔ ነው፤ አልተበጠሰም። ይኸው ድንጋዩ ላይ አለ፤ የሚፈልግ ይዳስሰው። ወንድሜ የጠራው ስም ለዳገት የሚጠራ ነው። ስሙን ሰምተው ግማሾቹ ሳቡ። ግማሾቹ ፈሩ። ወንድሜ አልገደለውም። የፈሩትም አልገደሉትም፤ እነሱ ልጆች ናቸው፣ ጦር ያዩ ልጆች። ልጄን የገደለው እነዚህን ሁለት ረድፎች የለያየው ነው። እስከ ትናንት ጠዋት አፋቸው አንድ ነበር።»

ግራ ረድፍ ውስጥ አንድ ወጣት ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አዛዡ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ሴትዮ፣ ስም ነው የጠየቅኩሽ።»

«ስም ጠይቀውኛል፤ እኔም ስም ነው የምጠይቀው» አለች። ከአዛዡ ዘወር ብላ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «የእህቴ ልጅ፣ ቀና በልና እየኝ። እናትህ የውሃ እንስራ ተሸክማ ይህን ገመድ ስትከተል ነው የወለደችህ። አንተና እሱ መራመድ የተማራችሁት ከዚህ ዘፈን ኋላ ነው። አንካሳው ሲባል ሁለታችሁም ታነክሱ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይስቅባችሁ ነበር። ባዶ ነበር ብለህ አሁን አነበብክ። ሰማሁህ። ያነበብከውን አይደለም የምጠይቅህ።»

«አክስቴ፣ ተይ» አለ ጸሐፊው። ድምፁ ከፊተኞቹ በስተቀር ለማንም አልተሰማም።

«ዝም አሰኟት!» አለ አዛዡ። ግን ባለ ደም ተናግራ ሳትጨርስ መንካት በእነሱም ዘንድ ነውር ነውና ዘበኞቹ ተያዩ፤ አልተነቃነቁም።

አውራጅ ሆና አታውቅም። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ዳገቱን የሚያናውጥ አልነበረም። ሆኖም ልክ እንደ ወንድሟ አስረዘመችው።

«ወንዙን ማን ጠለፈው?»

ከኋላዋ፣ በቀኝም በግራም፣ የጎታቾቹ ደረት አብሮ ተነፋ። አስበውት አይደለም። ከታች ካለው ቦይ የውሃው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የአዛዡ ፈረስ በጠዋት ከጠጣበት ቦይ።

«እናንተ እንዳትመልሱ» አለቻቸው ሳትዞር። «እናንተ ስትመልሱ ኖራችኋል፤ ልጄም መልሷል። ዛሬ የሚመልሰው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ፣ ብራናውን አጥፈውና አስቀምጠው። የወንድምህ ደም ካቡ ላይ ገና አልደረቀም። ወንዙን ማን ጠለፈው? ሰው ሁሉ እየሰማህ፣ በገዛ አፍህ፣ መልስልኝ።»